አራት ምት ዝምታ

ሐሙስ ለአርዜላ ቡፎርድ ጥሩ ቀን ነበር፤ ሰባተኛውን ዘፈን እስክትሰማ ድረስ። የመጨረሻውን ተማሪ ከነኮተቱ ደጃፉ ላይ አውርዳ፣ ቢጫውን አውቶቡስ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አቆመችና ሞተሩን አጠፋች። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች፤ የሚሲሲፒ የነሐሴ ሙቀት ለማንም አያዝንም። ከዚያ ስልኳን ከመሪው ጎን አስደግፋ የገዛ ራሷን ድምፅ ማዳመጥ ጀመረች።

የመጀመሪያ አልበሟ ነው። አሥር ዘፈኖች አሉበት፤ አሥሩም ከዚያው ከሰሜኑ ኮረብታ የበቀሉ፣ እናቷ ሳትወለድ የነበሩ ብሉዞች ናቸው። ዘጠኙን እንደ ወረሰችው ካፖርት ተርትራ በራሷ ትከሻ ልክ ሰፍታቸዋለች። አዝጋሚውን አስሮጣለች፣ የሚሮጠውን አስቀምጣለች፣ ወንድ ስለ ሴት ያዜመውን ገልብጣ ሴት ስለ ወንድ እንድታዜመው አድርጋለች። ሰባተኛውን ግን አልነካችውም። እሱን እንደተቀበለችው ነው ያስቀረጸችው።

ስሙ «ማን ነው ደጄ ላይ» ነው። አውጪው ጊታሩን እየመታ «ማን ነው ደጄ ላይ፣ በዝናብ የቆመው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ጊታሩ ጸጥ ይላል። የአውጪው ጫማ ብቻ ወለሉን አራት ጊዜ ይመታል፤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ከአራተኛው በኋላ ጊታሩ ይመለስና ዘፈኑ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ከሜምፊስ በተላከላት ቅጂ ላይ ጫማው የለም። ጥያቄው ከአፏ ሳይወጣ ጊታሩ ዘሎ ገባ።

ስልኩ የዘለለ መሰላትና ወደ ኋላ መለሰችው። ያው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያው፣ ሦስተኛው ላይም ያው። በጣቷ መሪው ላይ እየቆጠረች እንደገና ሰማችው። ሲገባት መሪውን በጡጫ ብትለው ጡሩምባው ጮኸና የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያውን እንደያዘ በመስኮት ብቅ አለ።

ያ አራት ምት የአያቷ የሆሴዕ ቦታ ነው። ሆሴዕና ታናሽ ወንድማቸው ሉሺየስ ያንን ዘፈን ለሠላሳ ዓመት አብረው ነበር የሚጫወቱት፤ ሉሺየስ አውጪ፣ ሆሴዕ ተቀባይ። ሆሴዕ በሄዱበት ሁሉ አዲስ መልስ ይፈጥሩ ነበር። አንድ ቀን «እኔ ነኝ፣ ሚስትህ የጋበዘችኝ፤ አንተ ማነህ?» ብለው ሕዝቡ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ እንደተንከባለለ እስከዛሬ ይወራል። አርዜላ ገና ስትድህ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ግንድ ተንሸራቶ ገደላቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሉሺየስ ሌላ ተቀባይ አልያዙም። ቦታውን ባዶውን ትተው በጫማቸው ብቻ ይመቱታል። አርዜላ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ተቀምጣ ጊታር ስትማር፣ ያ ዝምታ ሲደርስ አንገቷን ትደፋ ነበር፤ ልክ መቃብር ላይ እንደሚደረገው። አሁን አንድ ሰው መቀስ ይዞ መጥቶ መቃብሩን ቆርጦ ጣለው። ደሟ ፈላ።

ያቀናበረላት ሰው ትሬንት ሃዝሌት ይባላል። ደወለችለት።

«ሰባተኛውን ምን አደረግከው?»

«ወደድሽው?»

«ምን አደረግከው ነው ያልኩህ!»

«ትንሽ አጠበቅነው። ድራመሩ እዚያ ጋ ሲደርስ እየጠፋበት ተቸገረ። ባዶ ቦታ እኮ ነው፣ አርዜላ። ሰሚው ዘፈኑ የተቋረጠ ነው የሚመስለው። ብሉዝ ደግሞ ልኩ የታወቀ ነው፤ እናንተ ኮረብታ ላይ ያላችሁት ትርፍ ትጨምራላችሁ፤ ትርፉን አነሳንላችሁ።»

«ልኩን ማን አባቱ ነው የለካው?»

«በይ አትቆጪ። ተረጋግተሽ ስሚው። ሰኞ ጠዋት ለሕትመት ይሄዳል።»

አትቆጪ! የተቆጣን ሰው አትቆጣ የሚል እሳት ላይ ቤንዚን የሚያርከፈክፍ ነው። አርዜላ ስልኩን ዘጋችበት። ማታ እራት አልበላችም፤ በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ስታሳፍር ማንም ልጅ ከወንበሩ አልተነሳም። ፊቷን አይተው ነው።

ዓርብ ከሰዓት አውቶቡሱን እንዳስረከበች በራሷ ፒክአፕ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ሜምፊስ ገባች። ትሬንት ስቱዲዮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ በቀለለ፤ ትሬንት ግን ደግ ነው። ፂሙን ያሳደገ፣ ለስላሳ ተናጋሪ፣ ግድግዳው ሁሉ አሮጌ የዘፈን ሸክላ። የአርዜላን ቀበሌ ታሪክ ለአርዜላ የሚያስረዳ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም ደግ ሰው ነው። ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

«መልሰው» አለችው።

«እሺ፣ እንነጋገር። እኔ ይህን ሙዚቃ ምን ያህል እንደምወደው ታውቂያለሽ...»

«የምትወደውን ነገር ነው የምትቆርጠው? እንግዲያውስ ሚስትህን አደራ!»

ትሬንት ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቷን አየና ተወው። «እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ ንገሪኝና እመልሰዋለሁ። እኔ የምሰማው ጫማ ብቻ ነው።»

«አያቴ ናቸው ያሉት።»

«አያትሽን አልሰማኋቸውም።»

«ሞተዋል እኮ! የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ይሰማህ?»

ትሬንት ፂሙን አሸት አሸት አደረገ። ራዲዮኖች እንደማይወዱት፣ ሰው በመሀል እንደሚዘልለው፣ ድራመሩ ስሙ የተጠራ ባለሙያ እንደሆነ ነገራት። አርዜላ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ስማኝ ትሬንት። ወይ እንደነበረ መልሰህ ትሰፋዋለህ፣ ወይ ፎቶዬን ከሽፋኑ ላይ አንስተህ የራስህን ፂም ትለጥፍበታለህ። ያንተ ዘፈን ይሁን። ማን ደጅህ ላይ እንደቆመ ግን አንተ ፈልገው።»

ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። የተቆረጠው ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ድራሙን ከዚያ ዘፈን ላይ አንስቶ ሦስቱን ዝምታ በየቦታቸው መለሰ። አርዜላ ቆማ አራት ጊዜ አሰማችው። ጥያቄው፣ ከዚያ ዷ፣ ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ትሬንት በአራተኛው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ገብቶትም ይሁን ደክሞት እሱ ነው የሚያውቀው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሷም አላመሰገነችውም። ስትመለስ ግን መስኮቱን ከፍታ መንገዱን ሙሉ ስታፏጭ ነበር። የአያቷን ቦታ በገዛ አፏ አስመልሳለች፤ ነገ አጎት ሉሺየስ ይሰሙታል።

ቅዳሜ በሉሺየስ ግቢ የዓመቱ የፍየል ግብዣ ነበር። ከሌሊቱ ጀምሮ የፍም ጉድጓድ ላይ የተጋደመው ፍየል ቀትር ላይ ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ ጀምሯል። ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ መጥቷል። የአክስቷ ልጅ ኔዚ ሾርባ ማውጫ የሚያህል መቀቢያ ይዛ ፍየሉን ቅመም ትቀባለች።

«እህ፣ ዛሬ ከኛ ጋር ትበያለሽ ወይስ ታዋቂ ሰው ፍየል አይበላም?» አለቻት።

«አንቺ እጅሽን ከታጠብሽ እበላለሁ።»

«አያችኋት፣ ሳይታተምላት ጀመራት!»

አጎት ሉሺየስ በረንዳው ሥር የብረት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ጊታራቸውን እንደ ድመት ጭናቸው ላይ አስተኝተዋል። አርዜላ ፒክአፑን ወደሳቸው አስጠግታ ሁለቱንም በር ከፈተችና ዘፈኖቹን ለቀቀች። ግቢው ጸጥ አለ። ኔዚ እንኳ አፏን ያዘች።

ሉሺየስ የመጀመሪያውን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ሦስተኛው ላይ ጉልበታቸውን መቱ። «ይቺን አስሮጥሻት! ደግ አደረግሽ። እኔ እኮ ያዘገየኋት ጣቴ እምቢ ስላለኝ ነው፤ ሰዉ ጥበብ ነው ይላል» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። አምስተኛውን ሲሰሙ፣ ያንን የወንዶች ጉራ የነበረውንና እሷ የሴት ስድብ ያደረገችውን፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አርዜላ ከመኪናው ጎን ቆማ ልቧ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ሰባተኛው ጀመረ። «ማን ነው ደጄ ላይ፣ በዝናብ የቆመው?» ዝምታው መጣ። ሉሺየስ ቀና ብለው ጆሯቸውን ወደ መኪናው አዘነበሉ። አራቱ ምት አለፈና ጊታሩ ተመለሰ። ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ታየ። በሁለተኛው ጥያቄ የያዙትን የሥጋ ሳህን መሬት አስቀመጡ። በሦስተኛው ዝምታ ላይ አራቱን ምት በከንፈራቸው ቆጠሩ።

«አጥፊው» አሉ።

«አልጨረሰም እኮ አጎቴ...»

«አጥፊው ብያለሁ!»

አጠፋችው። ሉሺየስ ጮኸው ሲናገሩ ብዙ ሰው ሰምቶ አያውቅም።

«ደጁ ላይ ማን ነው ያለው?» ብለው ጠየቋት።

«እ?»

«ዘፈንሽ እየጠየቀ ነው እኮ። ሦስቴ ጠየቀ። ማን ነው ያለው?»

«አያቴ ሆሴዕ ናቸዋ! ቦታቸውን ላስመልስ ትናንት ሜምፊስ ድረስ ሄጄ ያንን ሰውዬ አንቄ...»

«ሆሴዕ ሞቷል!» አሉ ሉሺየስ። «የቀበርኩት እኔ ነኝ። ሳጥኑን የተሸከምኩት በዚህ ትከሻዬ ነው። አንቺ ልትነግሪኝ ነው? ዘጠኙን ዘፈን እንዳሻሽ አገላበጥሽው፤ እሰይ። እኔም እንደሱ ነበርኩ፣ አባቴም እንደሱ ነበር። ይሄኛውን ሬሳ ሳጥን ውስጥ ከተሽ አመጣሽልኝ። ለምን?»

አርዜላ የሰማችውን ማመን አቃታት። ከሐሙስ ጀምሮ ያረረ ቆሽቷ አሁን በሌላ በኩል ነደደ። «እርስዎ እኮ ነዎት ባዶ የሚተዉት! አሥራ ሁለት ዓመት አጠገብዎ ተቀምጬ ያየሁትን ነው ያደረግኩት!»

«ለማን የተውኩት መሰለሽ?»

«ለሳቸው!»

«ለአንቺ!»

ግቢው ውስጥ የፍየሉ ስብ ፍም ላይ ሲንጣጣ ብቻ ተሰማ።

«ያች ቦታ የመቃብር ድንጋይ አይደለችም» አሉ ሉሺየስ። «ወንበር ናት። ከሆሴዕ የልጅ ልጆች ጊታር ይዘሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ። አሁን ትመልሳለች፣ አሁን ትመልሳለች እያልኩ አሥራ ሁለት ዓመት በጫማዬ ወለል ስደበድብ ኖርኩ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ትጸልያለሽ!»

«ታዲያ ተቀበይ አይሉኝም ነበር? አፍ የለዎትም?»

«ተቀባይ አይጠራም። አባታችን ይህንን ሲያዜም ሆሴዕን ማን ጠራው? ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እኔ ስድስት። ከመሬት ተነስቶ አፉን ከፈተ። በጥፊ ይለዋል ብለን ስንጠብቅ አባታችን ሳቀ። ያለው ይመልሳል፤ የሌለው ዝም ይላል። እኔም የለሽም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝ።»

የለሽም! አርዜላ ፊቷ ሲግል ተሰማት። «ትልቅ ሰው ሲናገር አፍሽን አትክፈቺ ብላችሁ ያሳደጋችሁኝ እናንተ አይደላችሁም? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስላንሾካሾክኩ ስቆነጠጥ፣ እራት ላይ ስቆነጠጥ! በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ስትሉኝ አልነበር?»

«ሲናገር ነው የተባልሽው! እኔ እኮ መናገሬን አቁሜ ነው የምጠብቅሽ!»

ይህን ብለው ጊታሩን አነሱ። የሚጫወቱበትን የተቆረጠ የጠርሙስ አንገት ትንሿ ጣታቸው ላይ አጠለቁና አንድ ጊዜ ክሮቹ ላይ ጎተቱት። ከዚያ ጀመሩ። ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ቁጣቸው ግን አልቀጠነም።

«ማን ነው ደጄ ላይ፣ በዝናብ የቆመው?»

ጊታሩ ጸጥ አለ። ጫማቸው ወለሉን መታ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አርዜላ ከልማዷ የተነሳ ጊታሩ እንዲመለስ ጠበቀች። ጊታሩ አልተመለሰም። አምስት። ስድስት። ሉሺየስ ዓይናቸውን ተክለውባታል። ሰባት። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል፤ ኔዚ መቀቢያዋን አንጠልጥላ ቀርታለች። ስምንት። ከአፏ ሊወጣ የደረሰው ዘፈን ይሁን ስድብ አታውቀውም። ዘጠኝ።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «የሆሴዕ የልጁ ልጅ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ የጠናሁ!»

«እሰይ!» አለ አንድ ሰው ከወደ ፍየሉ። ሉሺየስ አልሳቁም። ጊታሩን መቱና ወዲያው ቀጠሉ።

«ማን ነው ደጄ ላይ፣ ውሻዬን ያስጮኸው?»

ዷ፣ ዷ፤ አራተኛው ላይ ሳይደርስ ገባችበት። «እኔ ነኝ! ሜምፊስ ላይ ፂማም በመቀስ የቆረጠኝ፤ ቁርጥራጬን ይዤ የመጣሁ!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ኔዚ «በይው እህቴ፣ በይው!» እያለች መቀቢያውን ስታወዛውዝ ቅመሙ የቄሱ ሸሚዝ ላይ ተረጨ። አርዜላ ግን አልሳቀችም። አንዴ መልሳ የምታርፍ መስሏት ነበር፤ ዘፈኑ አያሳርፍም። ለካ አያቷ ሠላሳ ዓመት የኖሩት በዚህ ነው።

«ማን ነው ደጄ ላይ፣ ስሙን የማይነግረኝ?»

ለዚህ ቀልድ አልመጣላትም። የመጣላት እንጨት መሰንጠቂያው ነው፣ ግንዱ ነው፣ ፊታቸውን የምታውቀው በፎቶ ብቻ የሆነው ሰው ናቸው። ተናደደች፤ በትሬንት አይደለም፣ በሉሺየስም አይደለም።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋ ተሰንጥቆ። «ግንዱ የጣለውን ሰው ጫማ ተጫምቼ ነው የመጣሁት። ሰፋኝ፤ ግን አላወልቀውም።»

የሉሺየስ እጅ ክሩ ላይ ቆመ። አርዜላ እኚህ ሰው ምት ሲስቱ አይታ አታውቅም። ዘፈኑ እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው፤ ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ጊታሩ ትንሽ ይንከባለልና ይሞታል። እንደዚያ ነው የተማረችው፣ እንደዚያ ነው ያስቀረጸችው። ሉሺየስ ግን ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፉና በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀውን ስንኝ አወጡ።

«ግቢ እንግዲህ፣ ግቢ። በሬ መቼ ተዘግቶ ያውቃል?»

ሁለቴ ዘፈኑት። ከዚያ ጊታሩ ጸጥ አለ። ከወንበሮቹ መካከል አንዲት አሮጊት በመዳፏ አፏን ይዛ ታለቅሳለች፤ ያንን ስንኝ የምታስታውስ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

አርዜላም እያለቀሰች ነበር፤ ቁጣዋ ግን ገና አልወጣላትም። «መጨረሻ አለው? ይሄ ዘፈን መጨረሻ አለው? አሥራ ሁለት ዓመት አስተምረውኝ መጨረሻ እንዳለው አይነግሩኝም?»

«ማንን ግባ ልበል?» አሉ ሉሺየስ። «ደጁ ላይ ሰው ነበር?»

አርዜላ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ስልኳን አውጥታ ደወለች። ትሬንት በሁለተኛው ጥሪ አነሳው።

«ትሬንት፣ ሰኞ እንዳይታተም።»

«አርዜላ፣ በፈጠረሽ! ዝምታውን መለስኩልሽ እኮ! ደግሞ ምን ጎደለ?»

«ሰው ጎደለ። ሰኞ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ እመጣለሁ፤ ማይክራፎኑን አዘጋጅ።»

ሉሺየስ የጠርሙሱን አንገት ከጣታቸው እያወጡ ወደ ስልኩ ጮኹ። «ሁለት ሰው በይው! ያለኔ ማን ያስገባሻል?»